ብርድ ልብስ አመጣለሁ ያለው ሰውዬ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ የምናድለውን ምሳ ይዘን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ በረንዳው ላይ ከሚያድሩት ሰዎች ሦስቱ የሉም። ካርቶናቸው እንደተነጠፈ ነው። የጋሽ ሰይድ ምርኩዝ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የቀሩት ምግቡን ሲቀበሉ ቀና ብለው አላዩኝም።

ከቀሩት አንዷ፣ እትዬ ዘይነባ፣ ዱዓ ሳያደርጉ ሳህን አይነኩም። እኛም ጭልፋውን አስቀምጠን «አሚን» እንላለን። ዛሬ ግን ዝም ብለው ተቀበሉኝ።

«እትዬ፣ ዱዓው ቀረ እኮ» አልኳቸው፣ ለመሳቅ እየሞከርኩ።

«ማን የት እንደሚያድር ለማን ነገርሽ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ከሱብሂ ሶላት በፊት በመኪና መጥተው፣ ሦስቱን በስማቸው ጠርተው ወሰዷቸው። ወላሂ፣ ስማቸውን ከወረቀት ነው ያነበቡት።»

ባለፈው ሳምንት አንድ ጨዋ ሰውዬ ብርድ ልብስ ላመጣላቸው ነው ብሎ ስማቸውንና ማደሪያቸውን ጠይቆኝ ነበር። ማንም እንዳይዘለል ብዬ በጥንቃቄ ጽፌ ሰጠሁት። ጋሽ ሰይድን እግራቸውን እንደሚያማቸው እንኳ አልረሳሁም። ጎበዝ ነኝ! ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

አብራኝ የምታድለው ሰላም «መጠለያ አስገብተዋቸው ይሆናል፣ ክፉ አታስቢ» ትላለች። ይሆናል። ታዲያ ጋሽ ሰይድ ያለ ምርኩዛቸው በምን ሄዱ?

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጠራ። ያ ሰውዬ ነው። ድምፁ እንደ ወትሮው ማር ነው። ለድካሜ አመሰገነኝ።

«የኮምቦልቻዎቹንስ መቼ ትጽፊልኛለሽ፣ እህቴ?»

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርደን እንደምናድል ለእሱ አልነገርኩትም።