የመሻገሪያው ስልክ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሳጥኖቹ መጡ። ከአዋሽ ጣቢያ በጥጥ መኪና ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው ከቀትር በኋላ ደረሱ። ሾፌሩ «የሚሰበር ነው ተጠንቀቅ ብለውኛል። ለእኔ ከሚነግሩኝ ለመንገዱ ቢነግሩት ይሻል ነበር» እያለ አወረዳቸው።

አብሯቸው ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አለ፤ ጌታሁን ይባላል። መነጽራም፣ አጠር ያለ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ የተጣበቀ። «እንደምን ዋሉ» ስለው «አንተ በይኝ፣ አረጀሁ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ የእኔን የስልክ ማዞሪያ ዙሪያውን እየዞረ አየው። ገመዶቹን ሳብ አደረገ፣ መሰኪያዎቹን አሸተተ (እውነቴን ነው፣ አሸተተ) «ብዙ አገልግሏል» አለ። በሬሳ ፊት የሚናገር ነው የመሰለው።

ሥራ አስኪያጁ ከሰዓት ጠሩኝ። «ወይዘሪት ጽጌ፣ አዲሱ ማሽን አገናኝ አይፈልግም። ሁሉም የፈለገውን ቁጥር ራሱ ያዞራል። አንቺ እስከ ወሩ መጨረሻ ጠረጴዛሽ ላይ ትቆያለሽ፤ ከዚያ እናያለን።»

እናያለን። ምኑን ነው የምናየው?

ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ እርሻ ውስጥ ማንም ከማንም ጋር ሲነጋገር በእጄ አልፎ ነው። መዳመጫው፣ ጋራዡ፣ ክሊኒኩ፣ ወንዙ ዳር ያለው የፓምፕ ቤት። እጀታውን ያዞራሉ፣ እኔ ፊት ማዞሪያው ላይ የዚያ ስልክ ትንሽ ክዳን ትወድቃለች፣ ገመዱን ሰክቼ «ማንን ላገናኝ?» እላለሁ። ድሬዳዋ ተመልሼ እናቴን «አንድ ሳጥን ተክቶኝ መጣሁ» ልላት ነው?

ግን ሳጥኑ እስኪከፈት ቸኩያለሁ። የእኔ ነገር እንዲህ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ተከፈተ!

ከውጭ ሲታይ የልብስ ቁም ሣጥን ነው። ውስጡ እንደ መሳቢያ ስስ ሐዲድ አለው፤ በሐዲዱ ላይ ሰሌዳዎች ተንሸራተው ይገባሉ። ጌታሁን «ካርድ» ይላቸዋል። እኔ የመጫወቻ ካርድ መስሎኝ ነበር። ቡናማ ናቸው፣ እንደ ብስኩት ቀጭን። በአንድ ፊታቸው ምስርና ሽምብራ የሚያካክሉ ባለቀለም ፍሬዎች ተተክለዋል። በጀርባቸው የመዳብ መስመር ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ይከፈላል። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቦዮቹ ካርታ ትዝ አለኝ። ይህን ስለው ጌታሁን ሳቀ፤ ቆየት ብሎ ግን ሰሌዳውን ገልብጦ ደግሞ አየው።

የጠየቅኩት፦
ድምፁ በየትኛው በኩል ነው የሚሄደው? (በሁሉም።)
ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ቢያዞርስ? (የቀደመው ያገኛል፣ ሌላው ጡጥ ጡጥ ይሰማል።)
ማሽኑ የሚነጋገሩትን ይሰማል? (አይሰማም።)

እዚህ ላይ ትንሽ ኮራሁ። እኔ እሰማ ነበር። ሆን ብዬ ባይሆንም።

አራት ሰሌዳ ነው የመጣው፤ አንዱ ስምንት ስልክ ይይዛል። አራተኛው ግን ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። መንገዱ። ጌታሁን ብርሃን ላይ ይዞ አየውና «በሦስቱ እንብቃቃለን፣ ትርፍ ቦታ ግን አይኖረንም» አለ።

ሙቀቱ አይጣል ነው። ለማሽኑ ሲባል መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቀልን። ለእኔ ተብሎ ግን አንድም ቀን ተሰቅሎ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ማን ለማን መደወል እንደሚችል ስንወስን ዋልን። ማለቴ ሥራ አስኪያጁ ወስነው ሰጡን፤ እኔ አነበብኩ፣ ጌታሁን ሠራ።

አሠራሩ ይገርማል። ሰሌዳው ላይ በየስልኩ መስመር ሥር ቀጫጭን የሽቦ ድልድዮች አሉ። ድልድዩ ካለ ያ ስልክ ወደ አዋሽና ወደ አዲስ አበባ ይደውላል። በፒንሳ ቁርጥ ካደረጉት ከግቢው አይወጣም። መጋዘን፣ ቁርጥ። ጋራዥ፣ ቁርጥ። ክሊኒኩ ይቆይ ተብሏል። የፓምፕ ቤቱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሌላ የትም እንዳይደውል ታዟል። «ባልቻ ወሬ ያበዛል» ብለዋል። ባልቻ የፓምፑ ሠራተኛ ነው፤ ወሬ ማብዛቱ እውነት ነው።

ሁለተኛውን ሰሌዳ ጌታሁን ለእኔ ሰጠኝ። «እጅሽ አይንቀጠቀጥም» አለ። በመበየጃው ካውያ እርሳሱን አቅልጬ ድልድይ አስተካከልኩ። የመጀመሪያው ተድበለበለ፣ አስጠላ። ሦስተኛው እንደ ጤዛ አብረቀረቀ! ሰሌዳውን ራሴ ሐዲዱ ላይ አስገባሁት፤ መጨረሻ ላይ «ቀጭ» ይላል። ያ «ቀጭ» እስካሁን ጣቴ ላይ አለ።

የእኔ ጠረጴዛ ቁጥር ዐሥር ሆነ። ከዐሥር ወደ ክሊኒክ ደወልኩ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር አንስቶ «ጽጌ፣ ማንን ላገናኝሽ?» ብሎ ቀለደብኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ሲያጥን ዋለ። ጥጥ ለቀማ የመጡት የወሎ ልጆች የጥጥ እንጨት ከምረው አቃጠሉ፤ ጭሱ ሸለቆውን ሞላው። ጌታሁን እንደ እብድ እየሮጠ መስኮት ዘጋ። «በሽታ ሊያባርሩ ማሽኔን ሊገድሉብኝ ነው!» ሰሌዳዎቹን በነጠላዬ ሸፈንኩለት።

ከሰዓት ቀየርን። የድሮውን ማዞሪያ ገመዶች አንድ በአንድ እኔው ነቀልኩ፤ ሌላ ሰው እንዲነቅላቸው አልፈለግሁም። አዲሱ ማሽን ጀመረ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭጭጭ። ሰው ቁጥር ባዞረ ቁጥር ውስጡ ይንጫጫል። ጆሮዬን ደቅኜ ማን እንደሚደውል ልገምት ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ሥራ አስኪያጁ መጥተው ሦስቴ ደወሉ፣ ሦስቴም ሠራ። ጌታሁንን ጨበጡት። እኔንም ጨበጡኝ።

ከዚያ ሁሉም ሄደ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አንድ ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። አልጮኸም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ፈጣሪ ይመስገን። በመጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ልጅቷ ደህና ናት።

ረፋዱ ላይ ውጭ ጩኸት ሰማሁ። በሩ ተከፈተ፤ አንድ ረጅም የአፋር ሰው ገባ፣ እስከ ደረቱ የራሰ፣ ሽርጡ ጭቃ። ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ሲናገር ግን ድምፁን አወቅኩት።

«እህቴ፣ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

ሁመድ ነበር። ትልቁ ቦይ መንገዱን የሚያቋርጥበት መሻገሪያ ላይ የእርሻው ዘበኛ ነው። የእሱ ወገኖች ከብትና ፍየል ወደ ግጦሽ የሚያሻግሩት በዚያ ነው፤ ቦዩ ደረቅ ሲሆን በውስጡ ያልፋሉ። ሦስት ዓመት ድምፁን ሰምቻለሁ፤ መልኩን ያየሁት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢሆን ነው።

የሆነው ይህ ነው። ባልቻ ውሃ ሊለቅ ሲል ድሮ ወደ እኔ ይደውል ነበር። «ጽጌ፣ ልለቅ ነው፣ ለሥራ አስኪያጁ ንገሪልኝ።» እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በሌላ ገመድ የሁመድን ጎጆ እጠራና «ውሃ እየመጣ ነው» እላለሁ። እሱ እንስሳቱን ያስወጣል። ዛሬ ባልቻ እንደታዘዘው በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወለ፤ «ልለቅ ነው» አለ፤ «እሺ» ተባለ። ውሃውን ለቀቀ። የሁመድ ልጅ ፋጡማ ፍየሎቿን ይዛ ቦዩ መሃል ነበረች።

አባቷ ዘሎ ገብቶ አወጣት። ሁለት ፍየሎች ውሃው ወሰዳቸው። ልጅቷ ክሊኒክ ተኝታለች፤ ውሃ ጠጥታለች፣ ታስላለች፣ ግን ሻይ ጠይቃለች።

ባልቻ የታዘዘውን አደረገ። ማሽኑም አልተሳሳተም። የቀረው የእኔ ጥሪ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አድርጊ ብሎ ያዘዘኝ የለም፤ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሁመድ ራሱ «ውሃ ሲመጣ አትርሺኝ» ብሎኝ፣ ከዚያ በኋላ እጄ የለመደው ነገር ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ስለ ስንቱ ነገር ጠየቅሁ! ይህ ግን ትዝ አላለኝም። የጎጆው መስመር ከድሮው ማዞሪያ ጋር ተነቅሎ ቀረ። ሐሙስ በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ፤ የማን እንደሆነ እንኳ ሳላስብ።

ለሁመድ ይህን ሁሉ ነገርኩት። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ አለች» አለ። «አሁን ግን ማን ይንገረኝ?»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጠዋት ሁመድ፣ ጌታሁንና እኔ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ያስታውቃል። ግን «መስመር የለም» አሉ። «አራተኛው ሰሌዳ ተሰብሯል፣ ሌላ እስኪመጣ እንጠብቅ። እስከዚያ ሁመድ ነቅቶ ይጠብቅ።»

ሁመድ «እኔ ሁልጊዜ ነቅቻለሁ» አለ። «ውሃው ግን ሲመጣ አይጮህም።»

ከዚያ አፌ ቀደመኝ፦ «የእኔ መስመር አለ። ዐሥር ቁጥር ለመሻገሪያው ይሁን።»

«አንቺስ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ለእኔ ማን ይደውላል?»

ጌታሁን መሬት መሬት አየ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ «ይሁን፤ ወደ ውጭ ግን እንዳይደውል» አሉ። ዐሥር ቁጥር ሥር ያለውን ድልድይ እኔው ቆረጥኩ። የፓምፕ ቤቱን መስመር ደግሞ ከፈትነው፤ ረቡዕ የተቆረጠው ቦታ ላይ አዲስ ሽቦ በየድኩ። ሁለቴ አበላሸሁት። ጌታሁን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፣ አየኝ፣ መለሰው። ሦስተኛው ያዘ።

ጎጆው ውስጥ ያለው አሮጌ ስልክ ባለ እጀታ ስለሆነ ለአዲሱ ማሽን አይሆንም። የጠረጴዛዬን ስልክ ነቅለን በትራክተር ወሰድነው። ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ፤ እንቅፋት ባለበት ሁሉ ደወሉ «ጭር» ይላል።

ሁመድ ቁጥር ማንበብ አልተማረም። የፓምፕ ቤቱ ሃያ ሁለት ነው፤ ጣቱን ሁለተኛዋ ቀዳዳ ላይ አድርጌ «ይቺን ሁለቴ» አልኩት። አዞረ። ባልቻ ከወንዙ ዳር «አቤት!» ሲል ሁመድ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየውና መልሶ ጆሮው ላይ አደረገው።

«ባልቻ ማለት አንተ ነህ? ሦስት ዓመት ውሃህን አውቀዋለሁ።»

ማታ ጌታሁን ሻይ ጋበዘኝ። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። «ሰሌዳ ሲበላሽ ማን እንደሚቀይረው ሥራ አስኪያጁ አልጠየቁኝም። እኔ ግን ሳልጠየቅ ስምሽን ነገርኳቸው» አለ። ምን እንዳሉት ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ፦ «እናያለን አሉ።»

እናያለን!

እሑድ፣ ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወደ ቤት መሄድ ትቼ ወደ መሻገሪያው በእግሬ ሄድኩ። ባልቻ ዛሬ ውሃ እንደሚለቅ አውቃለሁ፤ ጥጡ ባይጠማም የሰፈሩ ገንዳ ባዶ ነው።

ፋጡማ እዚያ ነበረች፣ አሁንም ታስላለች፤ ጎጆው ጥላ ሥር ተቀምጣ የስልኩን ገመድ በዓይኗ እስከ እንጨቱ ጫፍ ትከተላለች። «ድምፁ በየትኛው በኩል ነው የሚሄደው?» አለችኝ። ጌታሁን እንደነገረኝ «በሁሉም» አልኳት።

በቦዩ ውስጥ አምስት ስድስት ግመሎች እየተሻገሩ ነው፤ አንዷ እምቢ ብላ ቆማለች። ስልኩ ጮኸ። በልማድ እጄ ተዘረጋ፤ ሰበሰብኩት። ሁመድ አነሳ።

«ሃሎ። አዎ፣ ሁመድ ነኝ። አትልቀቅ።»

ባልቻ የሆነ ነገር አለ።

«አትልቀቅ አልኩህ። ግመሎች አሉ። ቆይ፣ እነግርሃለሁ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ «ውሃ እየመጣ ነው» ስለው እሱ «እሺ» ብሎ ይሮጥ ነበር። «ቆይ» የሚል ቃል በእኔ ገመድ አልፎ አያውቅም። ቆይ ማለት እንደሚቻል እኔም አላሰብኩ፣ እሱም አልጠየቀ፣ ባልቻም አልጠበቀ።

ስልኩን ድንጋይ ላይ አጋድሞ ሄደ። እምቢተኛዋን ግመል በቀስታ፣ እያነጋገረ አወጣት። ምንም አልተቻኮለም። ከድንጋዩ ላይ የባልቻ ድምፅ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ፋጡማ እየሳቀች ጆሮዋን አስጠጋች።

ሁመድ ተመልሶ አነሳው። «አሁን ልቀቅ» አለ።

ቦዩ ዳር ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ፤ ቀጥሎ ውሃው፣ ቡናማ፣ ቅጠልና ገለባ እየገፋ፣ ባዶውን መሻገሪያ ሞልቶ አለፈ።

ነገ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ እንድገባ መልእክት ደርሶኛል። ለምን እንደሆነ አልተነገረኝም።