ስሜን በትልቁ የጻፍኩበት ሥዕል

ፒዮንግያንግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1936 እ.ኤ.አ.

ለውዷ እህቴ ለፒልሱን፣

እንደምን ከርማችኋል? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። የዘፈኑም የሥዕሉም ትምህርት ጥሩ ነው፤ ከጃፓን የሚመጡ ቱሪስቶች በየሳምንቱ ክፍላችንን ይጎበኛሉ። የሚቦካውን የኪምቺ ጎመን ሳታዘጋጁ ብርዱ እንዳይቀድማችሁ።

እስከዚህ ለእማዬ አንብቢላት። የሚቀጥለውን ውጭ ወጥተሽ ብቻሽን አንብቢው።

የትምህርት ቤታችን አስተዳዳሪ እመቤት ሀን መንደራችን ድረስ መጥታ፣ የላክሁላችሁን ሥዕል እያየሽ አበባ ስትስዪ አግኝታሽ እንደወደደችሽ፣ ከአዲስ ዓመት በፊትም ወደ እኔ እንደምታመጣሽ ጽፈሻል። አንቺ በደስታ ልትበሪ ምንም አልቀረሽም፤ እኔ ግን እንዳነበብኩት ወደ እመቤት ሀን ሮጥኩ።

ስሚኝ። ቱሪስቶቹ በያዙት የጉብኝት መጽሐፍ ላይ ከወንዙና ከቤተ መቅደሱ ቀጥሎ እኛ አለን። ተደርድረን ተቀምጠን አበባ እንስላለን፤ እነሱ ይገዛሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሥዕሌ የተወደደ መስሎኝ፣ እኔ ሞኟ ስሜን ከሥሩ በትልቁ ጻፍኩበት። የገዛው ሰው ስሜን ለአስጎብኚው አሳየና ማታ ወደ ማረፊያው አስጠራኝ። አልሄድም ስላት እመቤት ሀን እንኳን ልትቆጣ ፈገግ አለች።

«ልጄ፣ ሰውየው ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጠው ለአበባ ሥዕል መሰለሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደተጠራሁ አልነግርሽም። እዚህ «አርቲስቶች» ይሉናል፤ በእኛ መንደር አፍ ግን ሴተኛ አዳሪ ነኝ። ከፈለግሽ እፈሪብኝ፤ ብቻ አትምጪ።

ትናንት አንቺን እንድትተውልኝ እመቤት ሀንን ለመንኳት። «የአንቺ ውል በጥር ያልቃል፤ ምትክ ከየት ላምጣ?» አለችኝ። እንግዲያውስ የራሴ ምትክ ራሴ ልሁን ብዬ ለሦስት ዓመት ፈረምኩ። እሷም ደጃችሁን ላትረግጥ ቃል ገባች። ቃሏን አጥፍታ ከመጣች ግን አጎታችን ቤት ሮጠሽ ግቢ።

አሁን ዕንባሽን ጥረጊና ግቢ። የቀረውን ለእማዬ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ በጥር እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። እዚህ ከመውደዳቸው የተነሣ አንለቅሽም አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሦስት ዓመት ጨመርኩ። ፒልሱን ግን ካንቺ አትለይ። ከደብዳቤዋ ጋር የላከችልኝን የአበባ ሥዕል አይቼ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እጇ ለሥዕል አልተፈጠረም። ሰማይ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

ልጅሽ ቦክሺል