ፋሂም ተብሎ የተቀበረው

ሸቤ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ፋሂም፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ሰው ፊት ማውራት እንደማልችል ታውቃለህ፤ መጻፉም ያው ሆነብኝ። ግን ለአንተ ካልሆነ ለማን እላለሁ?

ባለፈው ክረምት ድንጋይ ማውጫው ተንዶ ከዋጠህ በኋላ ሰዎች በዶማ ሲፈልጉህ ከረሙ። ጥቅምት ላይ አጎታችን አብዱልሃዲ ጭቃ የለበሰ የክንድ አጥንት አገኙ። ሌላውን ጅብ በልቶት ይሆናል ተባለ። የሟችን ገላ አገላብጦ ማየት ነውር ነው ብለው ወዲያው ከፈኑት። ቃሬዛውን ያነሱት፣ «ወይ ክብደቱ!» ሲሉ አንድ ሽማግሌ፣ «ዝም በሉ! አፈር የበላው ሰው ይከብዳል» አሉ። ተሰገደ፤ ተቀበርክ። እማ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አገኘች። በየጁምዓው መቃብሩ አጠገብ ተቀምጣ ታወራሃለች፤ ስለ ቡናው፣ ስለ እኔ ዝምታ።

ዘንድሮ ተመራማሪዎች መጡ። ከተናደው ገደል ሥጋ በል ዳይኖሰር አወጡ፤ ማንም የማያውቀው አዲስ ዝርያ ነው አሉ። ሬዲዮው አወራለት። ጅማ መናኸሪያ የሚኒባስ ረዳቶች «ዳይኖሰር! ዳይኖሰር! አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ ወደ ሸቤ ይጣራሉ። ስለ አንተ ግን ማንም አላነሳም።

አውሬው ግራ ክንዱ የለም። ተመራማሪዋ ዶክተር አብነት፣ «ከዚህ በፊት እዚህ አጥንት ያገኘ ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቅ አጎታችን ከሰዉ መሃል ወጥተው ወደ ቤት ሄዱ። ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ እኔን ወደ ጓሮ ጠሩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፋሂም ብዬ የቀበርኩት አውሬውን ነው። ቀኝ ክንዱን ሲያወጡ አየሁት፤ ከቀበርኩት ጋር አንድ ነው።»

«ፋሂምስ?»

«እዚያው ገደሉ ውስጥ ነው። አላህ ይማረኝ። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ትሞትብናለች።»

ተመራማሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ነገ ዶዘር ገደሉን ይሞላዋል፤ መንገድ ያልፍበታል። አንተ ሳትታጠብ፣ ሳትከፈን፣ መኪና በላይህ ሊሄድ ነው። እማ ደግሞ ለአውሬ ክንድ ዱዓ ታደርጋለች።

ቅድም ከጎረቤት ጋር ስትስቅ ሰማኋት። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ያንን ሳቅ የምነጥቃት እኔ ነኝ። ብትጠላኝም አልፈርድባትም።

ነገ ሱብሒ ሰግዳ ከመስገጃዋ ሳትነሳ ሁሉንም እነግራታለሁ። ከዚያ እጇን ይዤ ወደ አንተ እንወርዳለን። ዶዘሩ ሲመጣ እኔንና እሷን ገደሉ ውስጥ ተቀምጠን ያገኘናል።

እህትህ
ሩፈይዳ