ማዳምን ጠይቀው ሠራተኛዋን ላጠኑት ለዶክተር ዓለምብርሃን

ጅቡቲ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶክተር ዓለምብርሃን፣
የ«ዳርቻ» የሕዝብ አስተያየት ጥናት ቢሮ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሙቀቱ በረድ ስላለ ከመኪናዎ እስከ ቢሮዎ በር ያለችውን መንገድ በእግርዎ ለመሻገር እንደበቁ፣ መብራት በጠፋም ጊዜ የአየር ማቀዝቀዣዎ እንዳልከዳዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በበኩሌ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ባለው ቢሮዎ በር ላይ ስሜ ከተለጠፈ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታዋቂ ሰው ሆኛለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ላስረዳ። ቢሮዎ በጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዜና ከየት እንደምንሰማ፣ የሰማነውንም ምን ያህል እንደምናምን ለማጥናት ጠያቂዎችን ሲቀጥር፣ በስታቲስቲክስ የተመረቅሁት እኔ የውብዳር አምሀ በሰው ቤት እየኖሩ የሚሠሩ እህቶቻችንን እንዳነጋግር ተመደብሁ። አነጋገርሁም። ባለፈው ሳምንት ግን «ያላነጋገረቻቸውን ሰዎች እንዳነጋገረች አስመስላ የሐሰት መልስ በማቅረቧ ተሰናብታለች» የሚል ማስታወቂያ በአማርኛ፣ በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ወጣብኝ። በሦስቱም ቋንቋ ስሜን ሳይሳሳቱ ስለጻፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የትምህርት ማስረጃዬን የጻፉት ሰዎች እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቁልኝም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ያ ወረቀት ይነሳልኝ። በዚህች ከተማ ጠያቂ የሚቀጥር ሰው ሁሉ በዚያ በር ፊት ያልፋል፤ ሐሰተኛ ጠያቂ ደግሞ ማንም አይቀጥርም።

ቅሬታዎቼን የመጠይቅዎን ወግ ተከትዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ መመሪያዎ፣ ጠያቂዋ በቤቱ ባለቤት ፈቃድ፣ እዚያው ቤት ውስጥ፣ «በተረጋጋ ሁኔታ» እንድትጠይቅ ያዝዛል። ታዘዝሁ። ሄሮን ሰፈር አንድ ቤት ገብቼ ቡርቱካን ከምትባል ልጅ ፊት ለፊት ስቀመጥ፣ ማዳም ከመካከላችን ተቀመጡ። ቡርቱካንን ሬዲዮ ታዳምጪያለሽ ወይ ብዬ በአማርኛ ብጠይቃት፣ ማዳም ከጥያቄዬ ውስጥ «ሬዲዮ» የምትለዋን ብቻ ለይተው «እሷ? መቼ ጊዜ አላት ብለሽ ነው!» ሲሉ በፈረንሳይኛ መለሱልኝ። የሰማሽውን ዜና ታምኛለሽ ወይ የሚለውን በፈረንሳይኛ ብደግመው ደግሞ «እኔ የነገርኋትን ሁሉ ታምናለች፤ የዋህ ናት» አሉ። ቡርቱካን በዚያን ጊዜ የጸዳ ጠረጴዛ ትወለውል ነበር። በመመሪያዎ መሠረት ይህ የተሟላ ቃለ መጠይቅ ነው። ባልደረቦቼ እንዲህ ያለውን በብዛት ሰብስበው «የቤት ሠራተኞች ዜና አይከታተሉም» ከሚል ግኝት ስላደረሱዎት እንኳን ደስ አለዎት፤ ማዳሞች ስለ ሠራተኞቻቸው ምን እንደሚያስቡ ከዚህ የተሻለ ጥናት የሚገኝ አይመስለኝም።

2ኛ፦ ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። ሴቶቹ ዓርብ እረፍት ስለሆኑ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ኑሪያ ከምትባል ሹሩባ ሠሪ ቤት ይሰበሰባሉ። ወደዚያ ሄድሁ፤ የጠየቅሁበትንም ቦታ በየመጠይቁ ላይ በግልጽ ጻፍሁ። ያቺ ጠረጴዛ ወልዋይ ቡርቱካን ለሦስት ሰው የሚበቃ አንደበት እንዳላት የተረዳሁት እዚያ ነው። የማዳሟ ቴሌቪዥን በፈረንሳይኛ ሲያወራ እሷ ልብስ እየተኮሰች ትሰማለች። ሐዲጃ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ስታመጣ አሠሪዋ መኪና ውስጥ የሚከፍተውን የሶማልኛ ዜና ትሰማለች። ሎሚ ደግሞ የአማርኛውን የማታ ሥርጭት ሽንኩርት እየከተፈች በስልኳ ታዳምጣለች። ዓርብ ዓርብ ፀጉራቸው እየተሠራ እያንዳንዷ የቤቷን ወሬ ታዋጣለች። ታዲያ አንድ የማይጣስ ሕግ አላቸው፤ ዜና ሰላም ከማይባባሉ ሁለት ቤቶች ካልመጣ አይታመንም። አሠሪዎች ወዳጆች ከሆኑ ወሬው ካንድ ጉድጓድ የተቀዳ ነው ይላሉ። «የኔዋና ያንቺዋ ትናንት አብረው ሻይ ጠጥተዋል፤ ዝም በይ፣ ያንቺ አይቆጠርም!» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

አይሳሳቱም ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ሁለት የተኳረፉ ቤቶች ከነገ ጀምሮ ዳቦ ይጠፋል ብለው በመስማማታቸው ኑሪያ ቤት ባጌት እንደ ማገዶ ተከመረ፤ ዳቦ ቤቱም በየማለዳው መጋገሩን ቀጠለ። እስከ ዛሬ አንዷ ትልቅ ዜና ይዛ ስትገባ «እንግዲህ ዳቦ ልግዛ?» ይሏታል።

«በዜና ምክንያት ውሳኔዎን ቀይረው ያውቃሉ?» ከሚለው ጥያቄዎ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ቆመ። የሎሚ ወንድም ጫላቸው ወደ የመን ሊሻገር፣ ኦቦክ ጠረፍ ወዳለው ጀልባ ሊነሳ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ደላላው ጦርነቱ አብቅቷል ብሎታል። ሎሚ ከማታው ሥርጭት ተቃራኒውን ሰማች፤ ቡርቱካን በማዳሟ ቴሌቪዥን የሚነደውን ከተማ አየች፤ ሁለቱ አሠሪዎች ደግሞ ከተጣሉ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያች ዓርብ ስልኩን እየተቀባበሉ ደወሉለት። እህቱ ስታለቅስ አልሰማም ያለውን፣ ሐዲጃ «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ከተመቸ ደላላው ራሱ ለምን አይሻገርም?» ስትለው ሰማ። ዛሬ ጫላቸው ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል፤ ጀርባዬን ገደላችሁኝ እያለም ያማርራቸዋል። ቢሮዎ የሐሰት ካላቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው።

3ኛ፦ የጥራት ተቆጣጣሪዎ አቶ ባንቲሁን ሥራዬን ሊያረጋግጡ ወደየቤቱ ደወሉ። ስልኩን ማዳሞች አነሱ። ሠራተኛዎን ስለ ዜና የጠየቀ ሰው ቤትዎ መጥቷል ወይ ቢሏቸው፣ ማንም አልመጣም አሏቸው፤ እውነታቸውን ነው። የቡርቱካን ማዳም ደግሞ «መጥታ ነበር፤ እኔው መልሼላታለሁ፤ ልጅቷ ዜና አትሰማም» አሉ። ሠራተኞቹን ራሳቸውን ለምን አላነጋገሩም ብዬ ብጠይቃቸው፣ አቶ ባንቲሁን ከልባቸው ደንግጠው «እመቤቲቱ ስልክ አንስተው እያለ ሠራተኛዎን ያገናኙኝ ይባላል እንዴ? ነውር አይደለም?» አሉኝ። ስለዚህ ጨዋነታቸው ያለኝ አክብሮት የላቀ ነው፤ በጨዋነት ብዛት ሰው እንደሌለ ሊቆጠር እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

4ኛ፦ ይህን ሁሉ በአካል ላስረዳዎት ስመጣ የጫት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ለነገ ተቀጠርሁ። በነጋታውም ጫቱ አልቀረም።

5ኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ልጅቷ ኑሪያ ቤት መልስ መስጠቷን ከአቶ ባንቲሁን ስልክ የሰሙት ማዳም ቡርቱካንን «የቤቴን ወሬ ለማን ነው የምታወሪው?» ብለው ዓርቧን ከልክለዋታል። አሁን ዓርብም ስትተኩስ ትውላለች። ጥፋቷ፣ ሰው ጠይቋት መመለሷ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ስህተቴን አምኜ ብፈርም ማስታወቂያው በጸጥታ እንደሚነሳልኝ በአቶ ባንቲሁን በኩል መልእክት ልከውብኛል። ስለ ርኅራኄዎ እግዜር ይስጥልኝ፤ አልፈርምም። ብፈርም፣ ሎሚ አልሰማችም፣ ወንድሟም ከመንገድ አልተመለሰም፣ ቡርቱካንም አንድ ቃል አልተናገረችም ብዬ መመስከሬ ነው። ወረቀቱ ፀሐይ እስኪያነጣው ይቆይ የሚሉ ከሆነም ይሁንልዎ፤ እኔ ይህን ደብዳቤ ከሥሩ እለጥፋለሁ፤ አላፊ አግዳሚው ሁለቱንም አንብቦ ይፍረድ። ጥበቃዎ ቢቀድደው ሌላ ቅጂ አለኝ።

ወይም በሚመጣው ዓርብ ከአቶ ባንቲሁን ጋር ኑሪያ ቤት ብቅ ይበሉና ሴቶቹን ራሳቸውን ይጠይቋቸው። በርጩማ አለ፤ ማቀዝቀዣ የለም። ሁሉም ሊመልሱልዎ ተስማምተዋል፤ የምትጎድለው ቡርቱካን ብቻ ናት። እሷን ለማግኘት፣ አስቀድመው ለማዳሟ በዚያ በሚያምር ፈረንሳይኛዎ ይደውሉና ለልጅቷ ዓርቧ እንዲመለስላት ይማልዱልኝ። ይህን ካደረጉ፣ የእኔን ወረቀት ለማንሳት አንድ ሳምንት ቢዘገዩ እንኳ ቅር አልሰኝም።

ሪፖርትዎ እንደ ወደቡ ክሬን ከሩቅ የሚታይ፣ ዕድሜዎም የሰው ድምፅ ለመስማት የሚበቃ ረጅም እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

በሦስት ቋንቋ የተባረረችው፣ በአንዱም ያልተሰማችው፣
የውብዳር አምሀ

ግልባጭ፦
ኑሪያ ቤት ለሚሰበሰቡ ሁሉ፤ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመልስ ሰጪዎቼ አንዷ በእርስዎው ቤት ትሠራ ነበር። አገሯ ገብታለችና አሁን ያለችውን ልጅ እንዳይጠረጥሩብኝ። ጥናቱ ሳይጀመር በረንዳዎ ላይ ሆነው በስልክ «ውጤቱማ ታውቋል፤ የቀረን መጠየቁ ብቻ ነው» ሲሉ፣ ከኋላዎ ልብስ ታሰጣ የነበረችው እሷ ናት። ግን ምንም አይስጉ፤ በግኝትዎ መሠረት እነዚህ ሴቶች ምንም አይሰሙም።