የሰርጌ ካሴትና የሰይድ እንቁራሪት

ሰኞ

መጣላችሁ! ወንድሜ ሰይድ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አሮጌ የቪዲዮ ዴክ እንደ ሕፃን ታቅፎ ከአውቶቡስ ወረደ። ሠላሳ ያለፈው ባለ ጢም ሰውዬ! ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ድረስ የመጣው እዚህ ከቀሩት ካሴቶች የልጅነቱን ካርቱን አይቶ፣ በስልኩ ቀርፆ፣ «ያ ደጉ ዘመን» ብሎ ሊለጥፍ ነው።

ደግ ለማን? እሱ ዴኩ ፊት ሲንጋለል እኔ በዚህ ሙቀት ከማሳ ማሾ እለቅም ነበር። ደክሞኝ ስገባ «እታለም፣ ጋረድሽኝ፣ ዘወር በይ» ይለኛል። የእኔ የካርቱን ትዝታ ይኸው ነው።

አባባ ግን ዴክ የሚለውን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ። ዓይናቸው ማየት ካቆመ አራት ዓመት ሆነው።

«የዘይነብ ሰርግ ካሴት አለ አይደል? እናታችሁ አለችበት። ድምጿ ጠፍቶብኛል፤ አንዴ አሰሙኝ» አሉ፤ የእኔን ሰርግ ማለታቸው ነው።

እማዬ ፎቶ የላትም። ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም እያለች ካሜራ ስትሸሽ ኖራ ሞተች። ያለችው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። የእኛ ዴክ ከተበላሸ ወዲህ ደግሞ ማንም አላየውም። ጋብቻው ራሱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ፤ ካሴቱን ያስቀመጥኩት ለባሌ ብዬ አይደለም።

ማክሰኞ

አዲሱ ቴሌቪዥን የዴኩ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። የጎረቤት አሮጌ ቴሌቪዥን ለሁለት ተሸክመን አመጣን። ወገቤ! ስንሰካው መብራት ጠፋ። ሲመጣ ዴኩ አንድ ካሴት በላ።

«የድሮ ዕቃ እኮ ጠንካራ ነው» ይላል ሰይድ፣ ሆዱን ከፍቶ በአልኮልና በጥጥ እየጠረገው። አፍ ሲያውቅ!

አባባ በየመሃሉ «ተሠራ?» ይላሉ። አንጀቴን በሉት።

ረቡዕ

ካሴቱን ከካርቶን አወጣሁት። ጠርዙ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበታል። ያኔውኑ ጠረጠርኩ።

ሰርጉን የቀረፀው ሰውዬ ማንም እንዳይደርብበት ብሎ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰብሮ ነበር የሰጠን። የተሰበረውን ቦታ በፕላስተር ከሸፈኑት ግን ዴኩ ይታለላል፤ እንደገና ይቀዳል። ይቺን ተንኮል የማያውቅ የሰፈር ልጅ አልነበረም።

ከፈትነው። ጃንጥላ ይዞ የሚበር እንቁራሪት!

«የኔ እንቁራሪት!» ብሎ ዘለለ ሰይድ። ከዚያ ፊቴን አየ። «እታለም… እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባዶ ካሴት አጥቼ…»

ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። «እናትህን በእንቁራሪት ለወጥካት» ማለቴን ግን አልክድም። ደጉ ዘመን ማለት ይኼ ነው እንግዲህ። አባባ ሁሉንም ሰሙ። የውዱእ ውሃ ብቻ ጠየቁኝ።

ሐሙስ

ሰይድ ዓይኑ አብጦ ነው የተነሳው። «ምናልባት እስከ መጨረሻው አልቀዳሁበትም ይሆናል» አለ። ወደፊት ብናስሮጠው ይበጠሳል ብለን ስለፈራን ሦስታችንም ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው ጀመርነው። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር አይቼ አላውቅም። እንቁራሪቱ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። አገር ምድሩ «ያ ደጉ ዘመን» እያለ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው? ሰይድ አንዴም አልሳቀም። አባባ መቁጠሪያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ።

ከጀመርን አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ምስሉ ተንቀጠቀጠና የሰርጉ ድንኳን መጣ። ዝንብ የወረረው ይመስላል፤ የማንም ፊት አይለይም። አንዲት ሴት በሻሿ ተሸፍና እጇን ታወናጭፋለች።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር ከፊቴ ዘወር አድርግልኝ! እንግዳው ሩዝ ሳይደርሰው እኔን ይቀርፃል? ኧረ ወዲያ! አያፍርም ደግሞ!»

ከዚያ ካሴቱ አለቀ። በቃ፣ ይቺው ናት።

«ዘይነብ፣ ተይው በቃ» አሉ አባባ። «ልጅ እኮ ነበር።»

እኔ አፌን አልከፈትኩም ነበር። ሰይድ አፍጥጦ አየኝ።

«አባባ፣ እኔ አይደለሁም። እማዬ ናት» አልኳቸው።

መቁጠሪያው ቆመ።

«ታዲያ ድምጿ ከዚህ ቤት መች ወጣ?» አሉ።

ሰይድ ስልኩን ጥሎ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ልቆጣው አፌን ስከፍት፣ አባባ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዞሩ።