ቁልፉን የሚያዞርልኝ ሰው ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ተሠርቶላት የምትቆመው አዲሷ የሥራ መኪናዎም እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በጣቢያዎ ቸርነት ከወትሮው አብልጬ በእግሬ ስለምሄድ ጉልበቴ ጠንክሮልኛል፤ ለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ያለችኝ አንዲት ያረጀች ሰማያዊ መኪና ናት፤ ምናልባት የሚያስታውሷት በርዎ ላይ ቆማ ሰልፉን ስላገደች ይሆናል። ሕመሟ አመለኛ ነው። ደህና ስትሄድ ቆይታ መብራቷም፣ ጥሩምባዋም፣ ሞተሯም በአንድ ጊዜ ድርግም ይላል፤ ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ብላ ዝም ትላለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ትነሳለች። የዓመቱን ምርመራ ካላለፈች ቦሎ አይለጠፍላትም፤ ቦሎ ከሌላት ከመንገድ ትወጣለች። ባለቤቴ ያረፈችበት ከከተማ ወጣ ያለው ኮረብታ ደግሞ ታክሲ አይደርስበትም፤ ከላይ የተመሰገነው ጉልበቴም አይወጣውም። ስለዚህ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. በግቢዎ ውስጥ ሰልፍ የያዘ መኪና ሞተሩን እንዳያጠፋ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ሰልፉ እንዳይጓተት የታሰበበት ብልህ ደንብ ነው። በዚሁ ደንብ መሠረት፣ አልነሳም እያለች የምታስቸግረኝ መኪና በባለሙያዎችዎ ፊት አንድም ጊዜ ተነሺ ሳትባል፣ ፍሬኗና መብራቷ ታይቶ፣ ጉድለት የለባትም ተብላ ተሸኘች። ወዲያው በመውጫው በር ያለውን ጉብታ ስትሻገር ጠፋችና በሩን ዘግታ ቀረች። ጥበቃዎቹ እየገፉ ሲያስወጧት ባለሙያው ከኋላ ሮጦ ደርሶ የሰጠኝን ማረጋገጫ ከእጄ ወሰደ። በጣቢያው ካሉት መመርመሪያዎች ሁሉ ሕመሙን ያገኘው ጉብታው ብቻ ስለሆነ፣ የደረጃ ዕድገት እንዲታሰብለት በአክብሮት አሳስባለሁ።

2ኛ. ባለሙያዎችዎ ሳይሰስቱ ስለለገሱኝ ምክር አመሰግናለሁ። አንዱ ባትሪው ነው አለኝ፤ ቀየርኩ። ሌላው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው አለኝ፤ እሱንም አስቀየርኩ። ሦስተኛው ኮፈኑን ሳይከፍት ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞሮ፣ “አባባ፣ ይሄ እርጅና ነው” አለኝ፤ እሷን ይሁን እኔን አልጠየቅሁትም። አንድ ነገር በተቀየረላት ቁጥር ለጥቂት ቀን ደህና ትሆንና ተመልሳ እዚያው ናት። እንግዲህ መኪናዬ ከውስጥ አዲስ፣ ከውጭ አሮጌ፣ ከመንገድ ዳር የማትጠፋ ሆናለች።

3ኛ. ይህኛው ስለሚረዝም ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። መስኮቱ ላይ የምትሠራው ልጅ፣ የመነሳት ችግር ያለበት መኪና የሚታየው ባለሙያው ኮፈኑ ሥር ሆኖ ሲመለከት ቁልፉን የሚያዞር ረዳት ባለንብረቱ ይዞ ሲቀርብ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። እኔው ላዙር ብላት፣ ባለንብረት የምርመራውን ስፍራ ከሚያጥረው ቢጫ መስመር ማለፍ እንደማይፈቀድለት አስረዳችኝ። “ቁልፍ የሚያዞርልዎ ሰው እንኳን የለም እንዴ አባባ?” አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛም ሰማ፣ እኔም ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ነበረኝ። ባለቤቴ ስለ መኪና የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ማወቅም አትፈልግም ነበር። እኔ አንገቴን ኮፈኑ ሥር ቀብሬ “አሁን” ስላት ታዞራለች፤ ሞተሩ ሲነሳ “በል ግባ፣ እንሂድ” ትላለች። ሥራችን ይኸው ነበር። ባለፈው ክረምት አረፈች፤ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ስትጠፋ ከኮፈኑ ወደ መሪው፣ ከመሪው ወደ ኮፈኑ እየተመላለስኩ የሁለት ሰው ሥራ እሠራለሁ።

ደንብዎን ለማክበር ረዳት አፈላልጌያለሁ። ጎረቤቴ የሌሊት ጥበቃ ስለሆነ ቀን ይተኛል። የወንድሜ ልጅ በስልክ፣ “ጋሼ፣ ለምን ሸጠዋት አይገላገሉም?” ብሎ ጤናዬን ሳይጠይቅ ዘጋ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከሰው ጋር የማወራው መኪናዋ መንገድ ላይ ስትቆም ብቻ ሆኖ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ “አይዞዎት አባባ” ይላሉ፣ ይገፋሉ፣ ስትነሳ እጃቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። እኔም በመስታወቱ እስኪርቁ አያቸዋለሁ። ብቸኝነት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ሰው መኪናው ሲበላሽ ደስ ይለዋል።

ከገፊዎቹ አንዱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ሽቦ፣ እነሱ ማሳ የሚሉት፣ ላልቶ እንደሆነ ጠረጠረ። የአንድ አምፖል አንዱን ሽቦ ባትሪው የማሳ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አስሬ ሰው ቁልፉን እንዲያዞርልኝ፣ እኔም አምፖሉ ይበራ እንደሆነ እንዳይ መከረኝ፤ ከበራ ጥፋቱ የማሳው ነው ማለት ነው። እንግዲህ አሁንም ሰው። ሰው ስለሌለኝ ሽቦውን አስረዝሜ፣ በመስኮት አሳልፌ፣ አምፖሉን ባለቤቴ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አኖርኩትና ራሴ አዞርኩ። ሞተሩ ጠቅ ብሎ ዝም ሲል አምፖሉ ወንበሯ ላይ ቦግ አለ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አለቀስኩ። ከዚያ ወርጄ ከባትሪው ሥር ዝጎ የላላውን ብሎን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጠበቅሁት። ባትሪውን የነካ ሁሉ ያንን ሽቦ ሳያውቅ ያነቃንቀው ስለነበር ነው ለጥቂት ቀን ደህና የምትሆነው።

አሁን በመጀመሪያው ትነሳለች። ጉብታ ብትዘልም አትጠፋም፤ የሚገፋኝም የለም። ድና ወደ ጣቢያዎ ብመልሳት ግን፣ መዳኗ የሚረጋገጠው በዚያው ደንብ ስለሆነ ረዳቴ የት እንዳለ ተጠየቅሁ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ቁልፉን የሚያዞርልኝ አንድ ሰው እንዲመድቡልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ለደንብዎ መጽናት፣ ለመስኮትዎ ጥበት፣ ለቢጫው መስመርዎ ቀለም ብሩህነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ሁልጊዜ ሰልፍዎ ላይ የማልጠፋው፣
የሰማያዊዋ መኪና ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎ ቢዘገይ በሚል ሥጋት፣ በምርመራው ማመልከቻ ቅጽ ላይ የረዳቱ ስም በሚለው ክፍት ቦታ የእርስዎን የሥራ መጠሪያ ሞልቻለሁ። ረዳቱ ስለ መኪና ምንም ማወቅ ስለማይጠበቅበት መስፈርቱን በሚገባ ያሟላሉ። ባለሙያዎ “አሁን” ሲል ማዞር ብቻ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ግን እባክዎ ምንም አይበሉ፤ ለዚያ ሰው ነበረኝ።