ካሴት የተባልኩበት ሰሞን

ጥር 22
ዛሬም አንሶላ ብቻ። ሁለቱ ማጠቢያዎች ሞልተዋል፤ ሦስተኛው ውሃ ያፈስሳል። ለጥገና ክፍል ነገርኩ። "እናያለን" አሉ። እዚህ ሆስፒታል እጥበት ክፍል ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ያኔም እናያለን ነበር።

ከሥራ ወጥቼ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ቤት። የእንግሊዝኛ ውጤት ተሰጠ። ከመቶ ሠላሳ ስምንት! ሒሳቡ ሰባ አንድ... እንግሊዝኛው ሠላሳ ስምንት። ወረቀቱን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩ። ማታ ልጄ ስትጠይቀኝ "ገና አልታረመም" አልኳት። በዚህ ዕድሜ ውሸት። ለጸሎት ስቆም አፈርኩ።

ጥር 23
ቆይ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ ምን ልሁን ብዬ ነው የምማረው? ልጻፈውና ይለይልኝ።

እጥበት ክፍሉ በሐምሌ ይዘጋል። አንሶላው ከሆስፒታሉ ውጭ ይታጠባል ተብሏል። የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ ያለው የሕክምና መሣሪያ ከጀርም ወደሚጸዳበት ማምከኛ ክፍል ይዛወራል፤ የሌለው ጡረታ ይወጣል። ማምከኛ ክፍል ሁሉ ነገር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በማጠቃለያው ፈተና እንግሊዝኛ ሃምሳ ካልሞላ የሌላው ትምህርት ውጤት ዋጋ የለውም።

ልጄ "እረፍ አባዬ፣ ይብቃህ" ትላለች። ማረፍ... የት? እሷ ጠዋት መድኃኒት ቤት ትገባለች፤ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። እናቷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። ያ ቤት ቀን ቀን ምን እንደሚመስል ያየሁት ታምሜ በተኛሁበት አንድ ሳምንት ነው። የግድግዳው ሰዓት ድምፅ አላስቀምጥ ቢለኝ ባትሪውን አወጣሁት።

ጥር 27
የእንግሊዝኛ መምህሯን ለምን እንደወደቅኩ ጠየቅኳት። ልጄን ብትበልጣት በሁለት ዓመት ነው።

"ጋሼ፣ የጽሑፉ ያን ያህል አይደለም። የጣለዎት የቃል ፈተናው ነው። ከሃያው ሁለት ብቻ ነው ያገኙት።"

መች ጠፋኝ። የፈተነችኝ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ባለ መነጽር ሴት ናት። የት እንደምሠራ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ከመጽሐፉ "ቤተሰቤ" የሚለውን ምንባብ ሸምድጄ ነበርና ከላይ ጀመርኩላት። አቋረጠችኝ። መሃል ላይ ከተቋረጥኩ መቀጠል አይሆንልኝም፤ እንደገና ከላይ። ሦስት ጊዜ። ልጅ ሆኜ ጸሎት የተማርኩት እንዲያ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይተነፍሱ። ሌላ የመማሪያ መንገድ አላውቅም።

ተራ የሚጠብቁት ተማሪዎች በሩ ላይ ሆነው ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ ስሜ "ካሴት" ሆኗል። ዛሬ ስገባ አብሮኝ የሚማረው ዳቦ ጋጋሪ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ "እሽ... እየተጠነጠነ ነው" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

የካቲት 3
መምህሯ መሸምደድ ከለከለችኝ። እጄ የሚሠራውን አፌ እንዲናገር ነው የምትፈልገው። አንሶላ ሳጥፍ "አንሶላ አጥፋለሁ"፤ ስሸከም "ከባድ ነው"... በእንግሊዝኛ።

የክፍላችን ልብስ ተኳሽ ካውያዋን አቁማ አየችኝ። አብረን ከሠራን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖናል፣ አትምረኝም።

"አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ከአንሶላው ጋር።"

"መልስ ሲሰጥህ ጥራኝ።"

የካቲት 19
ስለሚያፈስሰው ማጠቢያ ለመምህሯ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። ስህተት ነበረበት። ግን ገባት!

መጋቢት 8
ለልጄ እውነቱን ተናዘዝኩ። ለካ ድሮ ታውቃለች። ሸሚዜን ስታጥብ ወረቀቱን ከኪሴ አግኝታዋለች። "አጣቢ ሆነህ የራስህን ኪስ አትፈትሽም?" አለችኝ። አልተቆጣችም። ከዛሬ ጀምሮ እራት ላይ እሷ ትፈትነኛለች።

መጋቢት 21
የልጄ የእራት ፈተና ጥሩ እየሄደ ነበር። ስንት ሰዓት እንደምነሳ፣ በምን እንደምሄድ፣ ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ እንደ ፈታኝ ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ ባለቤቴ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ጠየቀችኝ።

ሌላ ጠይቂኝ አልኩ። ቤተሰብ ሳይጠየቅ አይቀርም አለች። ከአፌ የወጣው ያ የተከለከልኩት ምንባብ ነው። ባለቤቴ ወጥ ትሠራለች፣ እኔ ጋዜጣ አነባለሁ፣ ደስተኞች ነን... የመጽሐፉ ሴትዮ!

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ እማዬ ካረፈች ወዲህ ስለ እሷ በራሳችን ቋንቋም አውርተኸኝ አታውቅም።"

ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

መጋቢት 22
እውነቷን ነው? ነው። ሲያዝኑልኝ "የፈጣሪ ፈቃድ ነው" እላለሁ፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። በጸሎትም ስለ እሷ የምለው የተሸመደደውን ነው። እሱ አያቋርጠኝም። ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ ያልተነቃብኝ።

ሚያዝያ 16
አንሶላ እያጠፍኩ ስለ እሷ ልናገር ሞከርኩ። "ረጅም ነበረች" አልኩ። ከዚያ ወዲያ የለም። ቃሉን አጥቼ ይሁን ወይስ... ተኳሿ ዛሬ አልቀለደችም። ሌላኛውን ጫፍ ያዘችልኝ።

ግንቦት 29
አሥራ አምስት ቀን ቀረ። እንቅልፍም ሥራም እንቢ ብሎኛል። ሰማያዊውን ከነጩ ጋር አጥቤ ስድስት አንሶላ አበላሸሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ።

ሰኔ 14
የቃል ፈተና። ያችው ባለ መነጽር። አወቀችኝ መሰለኝ፣ እስክሪብቶዋን ገና ሳልጀምር አነሳች።

ቤት ውስጥ ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቀችኝ። ከልጄ ጋር አልኩ። ባለቤቴ ሞታለች አልኩ። አዝናለሁ ብላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ልታልፍ ወረቀቷን ገለጠች።

"ቆዩ" አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ስለ ባለቤቴ ጫማ ነገርኳት። ለወንድሟ ሠርግ አምሮኛል ብላ በልኳ ያልሆነ ነጭ ጫማ ገዛች። ይሰፋል አለች። አልሰፋም። ከሠርጉ ስንመለስ አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በባዶ እግሯ መንገዱን ሙሉ እየሳቀች መጣች። "ጠበባት" የሚለው ቃል ጠፋኝ፤ የራሴን ጫማ አውልቄ በእጄ ጨምቄ አሳየሁ። ሴትዮዋ መነጽሯን እስክታወልቅ ሳቀች። ደወል ተደወለ። እኔ አልጨረስኩም ነበር።

ስወጣ ዳቦ ጋጋሪው ጫማዬን አየ። አንዱ እጄ ላይ ነው።

ሰኔ 30
እንግሊዝኛ ሃምሳ አራት። የቃሉ ከሃያው አሥራ ሦስት። ተመስገን። ማምከኛ ክፍል ሐምሌ ሁለት እጀምራለሁ። ተኳሿ ስትሰማ "አንሶላው ይናፍቅሃል" አለች። እሷ ማስረጃውን ካገኘች አራት ዓመቷ ነው፣ አብረን ነን።

እራት ላይ ልጄ ለፈታኟ ያልኩትን እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ በራሳችን ቋንቋ። ነገርኳት። ጫማው ጋ ስደርስ አላስጨረሰችኝም።

"ቀይ ነበር።"

"ነጭ" አልኩ።

"አባዬ፣ አንተ እኮ በዚያ መንገድ ከፊት ከፊት ነበርክ። ከእሷ ጋር የነበርኩት እኔ ነኝ።"

አሰብኩት። አዎ፣ ከፊት ነበርኩ። ሳቋን ከኋላዬ እሰማ ነበር እንጂ ዞር ብዬ አላየሁም።

"እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ" አልኳት።

ነገረችኝ።